ኮፒ ባክአፕ የሚሆነው መቼ ነው? የቤት ፋይል ሰርቨርና ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ

እ.ኤ.አ. በጁን 2021 በተለያዩ አገሮች የሚኖሩ ሰዎች ፎቶና ሰነድ የሚያስቀምጡበትን ሳጥን ሲከፍቱ ባዶ ሆኖ አገኙት። ሳጥኑ ዌስተርን ዲጂታል ይሸጠው የነበረው «ማይ ቡክ ላይቭ» ነው፤ ከራውተር ጋር ተገናኝቶ የቤቱ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ሁሉ ፋይል የሚያኖሩበት፣ ውስጡ ሃርድ ዲስክ ያለው ዕቃ። ዲስኩ አልተቃጠለም፤ ሌባም በር አልሰበረም። በኢንተርኔት በኩል የገባ አጥፊ ሳጥኑን ከፋብሪካ እንደወጣበት ቀን ባዶ እንዲሆን አዘዘው፣ ሳጥኑም የታዘዘውን ፈጸመ። ኩባንያው ለዚህ ዕቃ የመጨረሻውን የሶፍትዌር ማሻሻያ ያወጣው በ2015 ስለነበር ቀዳዳውን የሚደፍነው አልነበረም። ፋይላቸው ሌላ ቦታም የነበራቸው ሰዎች የከሰሩት አንድ ዕቃ ነው። ያልነበራቸው ደግሞ የዓመታት ፎቶ አጡ።

በዚያው ወር፣ ጁን 1 ቀን፣ ጎግል ፎቶስ ያልተገደበ ነጻ ማስቀመጫ መስጠቱን አቁሞ አዲስ የሚጫን ፎቶ ሁሉ ለእያንዳንዱ አካውንት በነጻ ከሚሰጠው 15 ጊጋባይት ላይ እንዲቆጠር አደረገ። በየወሩ ከመክፈል ይልቅ ፋይሉን ቤቱ ማስቀመጥ ለመረጠ ሰው ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን ጎግል በየዕለቱ ሳይታይ ይሠራው የነበረው የጥበቃ ሥራ አሁን የቤቱ ባለቤት ሥራ ሆኗል። ርካሹና ቀላሉ መንገድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዝቶ መሰካት ነው። ቀላል የሆነው ግን መሰካቱ ብቻ ነው።

የቤት ፋይል ሰርቨር ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰርቨር ሲባል በባንክ ምድር ቤት የሚጮህ ትልቅ መደርደሪያ የሚታየው ሰው ብዙ ነው። የቤቱ ሰርቨር ግን ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ፋይል የሚያስቀምጥና በኔትወርክ የሚያካፍል ተራ ኮምፒውተር ነው። እንደ ሲኖሎጂና ኪውናፕ ያሉ ኩባንያዎች አዘጋጅተው የሚሸጡት ሳጥን «ናስ» ይባላል። ከቢሮ የወጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊነክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም) ጭኖ በራሱ የሚሠራም አለ። አንዳንድ ራውተር ከኋላው ዩኤስቢ ቀዳዳ ስላለው እዚያ ላይ ዲስክ ሰክቶ የሚጠቀምም አይጠፋም። ሰርግና ክርስትና የሚቀርጽ ስቱዲዮ የደንበኞቹን ቪዲዮ የሚያከማቸው እንዲህ ባለ ዕቃ ላይ ነው። ውጭ አገር ያለ ቤተሰብም ከአገር ቤት ስካን ተደርጎ የመጣለትን የድሮ ፎቶ፣ የልጆቹን ቪዲዮና የፓስፖርቱን ኮፒ በአንድ ቦታ የሚሰበስብበት ነው።

ሁሉንም በአንድ ቦታ መሰብሰቡ ጥቅሙ ነው፤ አደጋውም ይኸው ነው። ድሮ በአምስት ስልክ ላይ ተበታትኖ የነበረው ፎቶ አሁን በአንድ ሳጥን ውስጥ ሆኗል።

ሰርቨሬ ሁለት ዲስክ አለው፤ እሱ አይበቃም?

እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሰው ብዛት ያስገርማል። በሁለት ዲስክ ላይ አንድ ዓይነት ነገር በአንድ ጊዜ የመጻፍ ዘዴ «ሬይድ» ከሚባለው ቤተሰብ አንዱ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጽሑፍ ያስተዋወቁት በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ናቸው። ዓላማው አንዱ ዲስክ ሲሞት ሥራው ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ነው።

ደረሰኝ በካርቦን ሲቆረጥ ያስቡ። ከላይ 5,000 ብር መጻፍ ሲገባው 500 ቢጻፍ ከታች ያለውም 500 ነው የሚለው። ሬይድም እንደዚያ ነው። ልጅዎ አንድ ፎልደር ቢያጠፋ ፎልደሩ ከሁለቱም ዲስክ በዚያው ሰከንድ ይጠፋል። ቫይረስ ፋይሎቹን ቢቆልፋቸው ሁለቱም ላይ ተቆልፈው ይገኛሉ።

ሬይድ የሚከላከለው የአንድን ዲስክ ሞት ነው። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዲስኮችን የሚያሠራው ባክብሌዝ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በየዓመቱ በሚያወጣው መረጃ መሠረት በ2023 ከዲስኮቹ 1.4 ከመቶ ያህሉ ተበላሽተዋል። ይህ ግን ሙቀቱና መብራቱ በሚጠበቅበት የኩባንያው አዳራሽ ውስጥ የተለካ ነው፤ በመብራት መሄድና መምጣት የሚንገላታ ዲስክ ዕድሜ በዚህ አይለካም። ሰርቨሩ ራሱ ሲሰረቅ፣ ኃይሉ የጨመረ መብራት ሲመታው ወይም ሰው በስህተት ፎርማት ሲያደርገው ግን ሬይድ ምንም አያደርግም።

ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ቫይረሶችን በተመለከተ የቤት ሰርቨር ባለቤት ሊያውቀው የሚገባ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 «ኪውሎከር» የተባለው ጥቃት በኢንተርኔት ላይ ክፍት ሆነው የተገኙ የኪውናፕ ሳጥኖች ውስጥ ገብቶ ፋይሎቹን በሰቨንዚፕ እየጠቀለለ በይለፍ ቃል ቆለፋቸው። ለቁልፉ የተጠየቀው ዋጋ 0.01 ቢትኮይን ነበር። አጥቂዎቹ የተጠቀሙበት ሶፍትዌር ማንም ሰው ፋይል ለመጠቅለል የሚጠቀምበት ተራ መሣሪያ ነው፤ ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ «ቫይረስ» ተብሎ የሚያዝ ነገር ብዙም አልነበረም።

ታዲያ ኤክስተርናል ከሰካሁ ጨረስኩ?

ከሰኩ በኋላ አንድ ጥያቄ ራስዎን ይጠይቁ፤ ሰርቨሩን የሚገድለው ነገር ይህንንም ዲስክ ይገድለዋል ወይ? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ጥያቄ ዝርዝር ነው።

ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ኤክስተርናል ለሰርቨሩ ሌላ ፎልደር ማለት ነው። ሰርቨሩን የያዘ አጥቂ እሱንም ያየዋል፣ እሱንም ይቆልፈዋል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ያለ ኃይል ሁለቱንም በአንድ ማከፋፈያ በኩል ያገኛቸዋል። ሌባ ደግሞ ገመድ ነቅሎ አንዱን ትቶ አንዱን አይወስድም። ስለዚህ ባክአፑ (ለመጠባበቂያ የሚደረገው ቅጂ) ሲያልቅ ዲስኩ በሥርዓቱ ተለያይቶ («ኢጀክት» ተደርጎ) ይነቀላል፣ ሌላ ቦታም ይቀመጣል። «በሥርዓቱ» የምለው ኮምፒውተር የተጻፈለትን ነገር ለጊዜው በራሱ ማስታወሻ ይዞ ቆይቶ ስለሚጽፍ ነው። ስክሪኑ ላይ ኮፒው አልቋል ቢልም የመጨረሻዎቹ ፋይሎች ገና ዲስኩ ላይ ያልደረሱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሳይለያዩ መንቀል እነሱን መጣል ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ሁለት ኤክስተርናል ገዝቶ ማፈራረቅ ነው። አንዱ ቤት ሲሆን ሌላው እህትዎ ቤት ወይም ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ በወሩ ይቀያየራሉ። ፒተር ክሮግ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስለመደው «3-2-1» የሚባለው ደንብ የሚለውም ይህንኑ ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ሁለት መግዛት ለማይችል አንዱን ነቅሎ ጎረቤት ዘመድ ጋ ማስቀመጡ በሁለት ዲስክ ሬይድ ከመታመን በብዙ ይበልጣል። ገንዘቡ ለአንድ ተጨማሪ ዲስክ ብቻ የሚበቃ ሰው ቢያማክረኝ ሰርቨሩ ውስጥ እንዳይከተው፣ ኤክስተርናል አድርጎ እንዲይዘው ነው የምመክረው።

በየስንት ጊዜው ለሚለው ጥያቄ መልሱ በእርስዎ እጅ ነው። የአንድ ሳምንት ሥራ ቢጠፋ የሚችሉት ከሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ይበቃል። ሰርግ ቀርጾ እሑድ ማታ የሚመለስ ስቱዲዮ ግን ካሜራው ካርድ ላይ ያለውን ሳያጠፋ በፊት፣ በዚያው ሌሊት ነው ማድረግ ያለበት። ሙሽራ ሁለተኛ አትዳርም።

ዲስኩ ምን ያህል ይሁን?

የሰርቨሩን ዲስክ መጠን ሳይሆን ውስጡ ያለውን ፋይል መጠን ይመልከቱ፤ ከዚያ አንድ ተኩል ጊዜ እስከ እጥፍ ይውሰዱ። ትርፉ የሚያስፈልገው ለነገ ፎቶ ብቻ ሳይሆን ለትናንት ቅጂም ጭምር ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን። 1 ቴራባይት የተባለ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ብሎ ቢያሳይዎት አልተታለሉም። አምራቹ በሺ ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥር ነው።

ማታለል የሚኖረው ሌላ ቦታ ነው። ከታወቀው ዋጋ በጣም ረክሶ «16 ቴራባይት» የሚል ትንሽ ኤስኤስዲ ወይም ፍላሽ ካዩ ውስጡ ያለው ምናልባት 64 ጊጋባይት ሆኖ ኮምፒውተሩን እንዲዋሽ የተሠራ ነው። ፋይል ሲጽፉበት ይቀበላል፤ ከሞላ በኋላ ግን በአሮጌው ላይ ይደርባል ወይም የትም ይጥለዋል። ፎልደሩ ውስጥ ስሙ አለ፣ ሲከፍቱት ግን ባዶ ነው። ኤች2ቴስትደብልዩ ወይም ኤፍ3 የሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ዲስኩን እስከ ጫፍ ሞልተው መልሰው በማንበብ እውነቱን ይናገራሉ። አዲስ ዲስክ ሁሉ በዚህ ቢያልፍ ጊዜ እንጂ ገንዘብ አያስወጣም።

ሌላው በማሸጊያው ላይ የማይጻፈው ነገር አጻጻፉ ነው። በብዙ ተንቀሳቃሽ ዲስኮች ውስጥ የመረጃው መስመሮች አንዱ በሌላው ጠርዝ ላይ እየተደረቡ ይጻፋሉ፤ ይህ «ኤስኤምአር» ይባላል። ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን አንዱን መስመር ለመቀየር ጎረቤቶቹንም እንደገና መጻፍ ስለሚጠይቅ ብዙ ሲጻፍበት ይዝላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለናስ ብሎ ከሚሸጣቸው «ሬድ» ዲስኮች አንዳንዶቹ እንዲህ መሆናቸውን ሳይናገር በመቆየቱ ብዙ ወቀሳ ደርሶበታል። ኤስኤምአር ዲስክ ለሰርቨር ውስጥ አይመረጥም። በሳምንት አንዴ ለሚጻፍበት ኤክስተርናል ግን ችግር የለውም፤ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ፍጥነቱ ቢወርድ አይደንግጡ።

ፎርማቱ ላይ ምን ልምረጥ?

ፎርማት ማለት ዲስኩ ፋይሎችን የሚያደራጅበት አሠራር ነው። ከሱቅ የሚመጣው ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ነው፤ አሮጌ ፍላሽ ደግሞ ፋት32። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። የረጅም ሰርግ ቪዲዮ እዚያ ላይ አይገባም ማለት ነው፤ ይተውት።

ኤክስፋት በዊንዶውስም በማክም በሊነክስም ይከፈታል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሁለት ጉድለት አለበት። የመጀመሪያው፣ ፋይሉ የማን እንደሆነና ማን ሊከፍተው እንደሚችል የሚናገረውን የሊነክስ ፈቃድ አይመዘግብም። ለፎቶ ምንም አይደለም። የአባትን ሰነድ ልጆች እንዳይከፍቱት አድርገው ካዘጋጁ ግን ሲመልሱት ያ ሁሉ ጠፍቶ ያገኙታል። ሁለተኛውና የባሰው፣ በመጻፍ ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ የጀመረውን የሚያስታውስበት መዝገብ የለውም። ኤንቲኤፍኤስና የሊነክሱ ኢኤክስቲ4 ይህ መዝገብ ስላላቸው ሲነሱ ራሳቸውን ያስተካክላሉ። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ካለዎትም ከቴሌቪዥኑ በፊት ለሰርቨሩ ይስጡት።

ሰርቨሩ ሊነክስ ከሆነ (አብዛኞቹ ናስ ሳጥኖችም ውስጣቸው ሊነክስ ነው) የእኔ ምርጫ ኢኤክስቲ4 ነው። ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ሲሰኩት አይከፈትም፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ከሰርቨሩ ሞት በኋላ ዲስኩን የሚያነብ ሌላ ኮምፒውተር ወይም በፍላሽ የሚነሳ ሊነክስ ይኑርዎት።

በአማርኛ ስም ፋይል ለሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ የእንግሊዝኛ መመሪያዎች የማይነግሩት ጣጣ አለ። ዊንዶውስና ኤክስፋት የፋይል ስምን እስከ 255 ፊደል ይፈቅዳሉ። ኢኤክስቲ4ም 255 ይላል፤ የሚቆጥረው ግን ባይት ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ በአማርኛ የሚደርስዎት 85 ፊደል ብቻ ነው። የፍርድ ቤት አቤቱታን ሙሉ ርዕሱን የፋይል ስም የሚያደርግ ሰው ከዊንዶውስ ወደ ሰርቨሩ ሲያዛውረው «ስሙ ረዘመ» ተብሎ ይመለስበታል፤ ኮፒ አድራጊው ፕሮግራም ዝም ብሎ ካለፈው ደግሞ ሳያውቀው ይቀራል። በሲኖሎጂ ሳጥን ላይ የተመሰጠረ የጋራ ፎልደር ሲሆን ጣሪያው ወደ 143 ባይት ይወርዳል፤ ያ 47 ፊደል ነው። በተቃራኒው ደግሞ ሊነክስ ላይ ሁለት ነጥብ ያለው ስም፣ ለምሳሌ ሰዓት 3:30 የሚል፣ ያለ ችግር ተቀምጦ ኤክስፋት ላይ ግን አይገባም። የእኛው «፡» ግን ሌላ ምልክት ስለሆነ ያልፋል።

ፎልደሩን ጎትቼ ኮፒ ባደርግ ምን ይላል?

ለመጀመሪያው ቀን ምንም አይል። ችግሩ የሚመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። 2 ቴራባይት ውስጥ የተቀየሩት 40 ፋይሎች የትኞቹ እንደሆኑ አያውቁም፤ ሁሉንም እንደገና ኮፒ ማድረግ አንድ ቀን ይወስዳል፤ መሃል ላይ አንድ የተበላሸ ፋይል ሲገጥመው ይቆምና እርስዎ ተኝተዋል።

ይህን ሥራ የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። ከሁሉ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 በአውስትራሊያ አንድሪው ትሪጀልና ፖል ማከራስ ያወጡት አርሲንክ ነው። ሁለቱን ወገን አነጻጽሮ የተቀየረውን ብቻ ያዛውራል፤ ብዙ ናስ ሳጥኖች በራሳቸው ስም የሚያቀርቡት የባክአፕ ፕሮግራም ውስጥም ይገኛል። መብራት ቢጠፋና እንደገና ቢጀምሩት ካቆመበት ይቀጥላል።

አርሲንክ ላይ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛው አቅጣጫው ነው። ምንጩና መድረሻው ተገላብጠው ከተጻፉ አሮጌው ባክአፕ አዲሱን ሰርቨር ይሸፍነዋል። ስለዚህ ምንም ሳይጽፍ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ብቻ የሚያሳይበት የሙከራ አሠራር አለው፤ ትዕዛዙ በተቀየረ ቁጥር መጀመሪያ በዚያ ማስኬድ ነው። ሁለተኛው፣ ከምንጩ የጠፋውን ከመድረሻውም እንዲያጠፋ የሚያዘው ምርጫ ነው። ምርጫው ከሌለ ኤክስተርናሉ በተሰረዙና ስማቸው በተቀየረ ፋይሎች ይሞላል። ካለ ደግሞ ማክሰኞ በስህተት የጠፋ ፎልደር ቅዳሜ ከባክአፑም ይጠፋል፤ ወደ ደረሰኙ ካርቦን ተመለስን ማለት ነው።

መፍትሔው ታሪክ መያዝ ነው። ፕሮግራሙ በየቀኑ ቀን የተጻፈበት አዲስ ፎልደር ይከፍታል፤ እያንዳንዱ ፎልደር ሲከፈት የዚያን ቀን ሙሉ ሰርቨር ይመስላል። ቦታ የሚወስደው ግን በዚያ ቀን የተቀየረው ብቻ ነው። ይህ የሚሆነው ያልተቀየረው ፋይል ዲስኩ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፎ በብዙ ፎልደሮች ውስጥ ስም ስለሚሰጠው ነው። አሮጌውን ፎልደር ቢያጠፉ አንዱ ስም ይቀነሳል እንጂ ሌላ ስም እስካለው ድረስ ፋይሉ አይጠፋም። ይህ ዘዴ በኤክስፋት ላይ አይሠራም፤ ኢኤክስቲ4ን የመረጥኩበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። ሬስቲክና ቦርግ የሚባሉት ፕሮግራሞች ደግሞ ፋይሉን እየቆራረጡ፣ ድግግሞሹን እየጣሉና በይለፍ ቃል እየቆለፉ በራሳቸው አቀማመጥ ያስቀምጡታል። ቦታ ይቆጥባሉ፣ በማንኛውም ፎርማት ላይም ይሠራሉ። ነገር ግን ያለ ፕሮግራሙ ዲስኩን ቢከፍቱት የሚያዩት ትርጉም የሌለው የፋይል ክምር ነው። ባለቤቴም ልጄም ያለ እኔ ይክፈቱት ለሚል ቤት የቀን ፎልደሮቹ ይሻላሉ።

ስንት ሰዓት ይፈጃል?

የመጀመሪያው ረጅም ነው። 2 ቴራባይት በዩኤስቢ 3.0 በኩል፣ ዲስኩ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢጽፍ 5 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። በአሮጌው ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ 35 ሜጋባይት ገደማ ስለሚያልፍ ወደ 16 ሰዓት ይደርሳል። ኤክስተርናሉን ሰርቨሩ ላይ ሳይሆን ላፕቶፕዎ ላይ ሰክተው በ100 ሜጋቢት ኔትወርክ (8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው) ካሳለፉት ደግሞ ሁለት ቀን ከሁለት ሌሊት ነው። ስለዚህ በቀጥታ ሰርቨሩ ላይ፣ ሰማያዊ በሆነው የዩኤስቢ ቀዳዳ በኩል ይሰኩት (ቀለሙ በሁሉም ዕቃ ላይ ባይሠራም ብዙውን ጊዜ 3.0 መሆኑን ያመለክታል)። መቶ ሺህ ትንንሽ ፎቶ ከጥቂት ትልልቅ ቪዲዮ ይዘገያል። ከመጀመሪያው በኋላ ግን የሳምንቱ ለውጥ ብቻ ስለሚሄድ ሥራው በደቂቃዎች ያልቃል።

ዲስኩ ሳይሰካ «ተሳክቷል» ሊለኝ ይችላል?

ይችላል፤ በቤት ሊነክስ ሰርቨሮች ላይ ከማውቃቸው ወጥመዶች ተንኮለኛው ይህ ነው። ሊነክስ ኤክስተርናሉን የሚያገናኘው ከአንድ ባዶ ፎልደር ጋር ነው። ዲስኩ ሲሰካ ፎልደሩ የዲስኩ በር ይሆናል፤ ሲነቀል ፎልደሩ ባዶውን እዚያው ይቀራል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በራሱ የሚነሳው ባክአፕ ይህን አያውቅም። ፎልደሩን አገኘው፣ ጻፈበት፣ «ጨርሻለሁ» አለ። የጻፈው ግን በሰርቨሩ በራሱ ዲስክ ላይ ነው። በጥቂት ሌሊት ውስጥ ያ ዲስክ ይሞላና ሰርቨሩ ይቆማል፤ ኤክስተርናሉ ደግሞ ከወር በፊት በነበረበት ላይ ነው።

መከላከያው ቀላል ነው። ኤክስተርናሉ ውስጥ አንድ ምልክት የሚሆን ባዶ ፋይል ያስቀምጡና ባክአፑ ሲጀምር መጀመሪያ ያንን ፋይል እንዲፈልግ፣ ካጣው እንዲቆም ያድርጉት። ዲስኩን ደግሞ ሲሰካ በሚሰጠው ተለዋዋጭ ስም ሳይሆን ፎርማት ሲደረግ በሚያገኘው ቋሚ መለያ ቁጥሩ ያስጠሩት። የናስ ሳጥኖች ይህን በራሳቸው ይሠራሉ።

በሰርቨሩ ላይ ኔክስትክላውድ (ፋይል የሚያካፍል) ወይም ኢሚች (ፎቶ የሚያደራጅ) ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይጨምር። እነዚህ ፕሮግራሞች ከፎቶዎቹ ሌላ ስለ ፋይሎቹ መረጃ የሚመዘግቡበት ዳታቤዝ አላቸው። ዳታቤዝ እየሠራ እያለ ፋይሎቹን ኮፒ ማድረግ ግማሹን ከመጻፉ በፊት፣ ግማሹን ከጻፈ በኋላ መውሰድ ነው፤ ሲመለስ ላይነሳ ይችላል። መጀመሪያ ዳታቤዙ በራሱ ትዕዛዝ ወደ አንድ ፋይል ይገለበጥ፣ ከዚያ ያ ፋይል ባክአፕ ይደረግ።

ኤክስተርናሉ ቢሰረቅስ?

ሰርቨሩ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ከሰርቨሩ የወጣ ዲስክ ግን ማንንም አይጠይቅም። ከቤት ውጭ የሚቀመጠው ኤክስተርናል ውስጥ ፓስፖርትና የባንክ ወረቀት ካለ ዲስኩን በሙሉ መቆለፍ ያስፈልጋል፤ በሊነክስ ለክስ፣ በዊንዶውስ ቢትሎከር፣ በሁሉም ላይ ቬራክሪፕት ይህን ይሠራሉ። የይለፍ ቃሉን ሰርቨሩ ውስጥ ብቻ ማስቀመጥ ግን ሰርቨሩ በሞተበት ቀን ባክአፑንም አብሮ መቅበር ነው። ወረቀት ላይ ጽፈው ከዲስኩ ተለይቶ፣ ከልደት ሰርተፍኬቱ ጋር ያስቀምጡት።

መሥራቱን በምን አውቃለሁ?

በመመለስ ብቻ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ አንድ መሐንዲስ ሌሊት ላይ በደከመ ዓይን የዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር አጠፋ። ኩባንያው አምስት ዓይነት የባክአፕና የማባዣ መንገድ ነበረው። ሲፈተሽ አንዱም በሚገባ አልሠራም ነበር፤ ያዳናቸው አንድ ሠራተኛ ለሌላ ሥራ ብሎ ከ6 ሰዓት በፊት የወሰደው ቅጂ ነው። ኩባንያው ሁሉንም በግልጽ ጽፎ አውጥቶታል፤ ለዚህም ላመሰግነው እወዳለሁ። ሙያቸው የሆኑ ሰዎች እንዲህ ከሆኑ ቤታችን ውስጥ ያለው አረንጓዴ መብራት ብዙ አያስተማምንም።

ፈተናው ይህን ያህል ነው። በየሁለት በየሦስት ወሩ ኤክስተርናሉን ከሰርቨሩ ውጭ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰኩ። አንድ የአምስት ዓመት ፎቶ፣ አንድ የባለፈው ሳምንት ሰነድ፣ አንድ ትልቅ ቪዲዮና አንድ ረጅም የአማርኛ ስም ያለው ፋይል አውጥተው ይክፈቱ። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ይጎትቱት፤ መጀመሪያው ሠርቶ መጨረሻው የተቆረጠ ብዙ ነው።

ሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚለውን ሰው ይዘለዋል፤ ለአማርኛ ሰነድ ግን እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወጣው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ቢሮዎቻችን በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ሲጽፉ ኖረዋል። በእነዚያ ፎንቶች የተጻፈ አሮጌ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ እያንዳንዷ ባይት በቦታዋ አለች። የሚያነበው ፎንት ግን በሞተው ኮምፒውተር ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ ፎንቶቹን ራሳቸውን ባክአፑ ውስጥ በአንድ ፎልደር ያስቀምጡ፤ የማይተኩትን ሰነዶች፣ የቤት ካርታ ይሁን የውርስ ወረቀት፣ ፎንቱን አብሮ በሚይዝ ፒዲኤፍም አስቀምጧቸው።

እዚያው ፎልደር ውስጥ፣ በወረቀትም ታትሞ፣ አንድ ገጽ ይጨመር፦ ዲስኩ በምን ፎርማት እንደተዘጋጀ፣ በየትኛው ፕሮግራም እንደሚከፈት፣ የይለፍ ቃሉ የት እንዳለ፣ ሁለተኛው ዲስክ ማን ጋ እንደተቀመጠ። ሲጽፉት ኮምፒውተር የማይወደው የቤተሰብ አባል ብቻውን እንደሚያነበው አድርገው ይጻፉት፤ ከዚያም ሰጥተውት አንድ ፎቶ እንዲያወጣ ያድርጉ።